ዕቃው ጅማ ደርሶ ግቢ ውስጥ ለምን ይጠፋል?

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕቃ ይህን ሁሉ መንገድ በሰላም ይመጣና ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በር እስከ ባለቤቱ ቢሮ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ይጠፋል። ሥራዬ ዕቃ መቀበልና ማከፋፈል ነው። ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ የሚደጋገሙት ስህተቶች ግን ያው ናቸው። ሥራውን አዲስ ለምትጀምሩ፣ ዕቃ ለምታዝዙ መምህራንና ተማሪዎችም ልንገራችሁ።

«ጥበቃ ቤት አስቀምጥልኝ»

ከሁሉም በላይ የሚያበግነኝ ይህ ነው። ዕቃ ያመጣው ሾፌር ይደውላል። ባለ ዕቃው እያስተማረ ነው። «ጥበቃ ቤት አስቀምጥልኝ፣ ስወጣ እወስደዋለሁ» ይላል። ሾፌሩም ጥሎ ይሄዳል። ኧረ ተዉ! የጥበቃ ሠራተኛው ሥራ በር መጠበቅና መፈተሽ ነው። የዕቃ መዝገብ የለውም። መደርደሪያ የለውም። የሚቆለፍ ሣጥን የለውም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ተረኛው ይቀየራል። አዲሱ ተረኛ አግዳሚው ሥር ያየው ካርቶን የጓደኛው ዕቃ ይሁን የላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ በምን ያውቃል?

አንድ ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሾፌሩ «አድርሻለሁ» አለ። ባለ ዕቃው «አልደረሰኝም» አለ። ተረኛው «አላየሁም» አለ። ሦስቱም እውነታቸውን ነበር። የመጀመሪያው ተረኛ ዝናብ እንዳይመታው አዝኖ ካርቶኑን ከበሩ ጀርባ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሰቅሎ ላስቲክ አልብሶት ነበር። ለሚተካው ሰው ግን ሳይነግረው ለእረፍት አገሩ ገባ። እሱ እስኪመለስ ድረስ ጥርጣሬው ያረፈው ምንም በማያውቀው በሁለተኛው ሰው ላይ ነው። የልጆች አባት ነው፤ እንቅልፍ አጥቶ ነበር የሰነበተው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር የሰጪ ስም፣ የተቀባይ ስም፣ ሰዓትና ፊርማ ይጻፍ። መውጣት ያልቻለ ሰው ደግሞ የሥራ ባልደረባውን ስም ለሾፌሩ ይንገረው። «ጥበቃ ቤት» የሰው ስም አይደለም።

የአያት ስምና የአባት ስም

ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ላይ ላኪው የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ የቀረውን በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል። ስለዚህ «ኤም. አህመድ» የሚል ካርቶን ይመጣል። አህመድ ጅማ ውስጥ ብርቅ ስም አይደለም። ኤም ደግሞ መሐመድ ነው? ሙስጠፋ ነው? መዲና ናት? ስታዝዙ የራሳችሁንም፣ የአባታችሁንም፣ የአያታችሁንም ስም ሙሉውን አስጽፉ። ስልክም ጨምሩ።

የፊደሉም ነገር አለ። ጠ በቁቤ በኤክስ ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛው ልማድ በቲ። የጥላሁንን ዕቃ ዝርዝሩ ላይ ቲ ሥር ስታጡት «አልመጣም» ብላችሁ ሰው አትመልሱ፤ ኤክስ ሥርም እዩ። ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። መምህሩ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል፤ ዕቃው ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ነበር።

«ጅማ ዩኒቨርሲቲ» ብቻ አድራሻ አይሆንም

ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የግብርናው ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የተመሠረተ ነው። ግቢው ዛሬም አንድ ቦታ አይደለም። ግብርናው ለብቻው ነው፣ ቴክኖሎጂው ኪቶ ፉርዲሳ ነው፣ አጋሮም ግቢ አለ። ፖስታ ሣጥኑ ደግሞ የጋራ ነው፤ ፖ.ሣ.ቁ. 378 ብሎ መጻፍ ዕቃውን ጅማ ያደርሰዋል እንጂ ጠረጴዛችሁ ላይ አያስቀምጠውም። ግቢውን፣ የትምህርት ክፍሉንና የቢሮ ቁጥሩን ጻፉ።

ሳይቆጥሩ መፈረም

ሾፌሩ ይቸኩላል፤ «መኪናዬ መንገድ ዘግቷል፣ ቶሎ ፈርሙልኝ» ይላል። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ይሉኝታ ይዞት ይፈርማል። ሞዴል 19 ዕቃ መጋዘን ሲገባ የሚቆረጥ የገቢ ደረሰኝ ነው፤ አሥር ብላችሁ ከፈረማችሁና ስምንት ከሆነ ሁለቱ የሚፈለጉት ከእናንተ ነው። ካርቶን ቁጠሩ፣ የተቀደደና የረጠበ ካለ ፎቶ አንሡ። ከፍቶ ለማየት ጊዜ ከሌለ ማድረሻ ወረቀቱ ላይ «በካርቶን ብዛት ብቻ ተረክቤያለሁ፣ ውስጡ አልታየም» ብላችሁ ጻፉ። ሞዴል 19 የሚቆረጠው ውስጡ ታይቶ ከተመረመረ በኋላ ነው። ወደ ክፍሉ ሲወጣም ሞዴል 22፣ ማለትም የዕቃ ወጪ ደረሰኝ፣ ይቆረጥ። «ነገ እንጽፈዋለን» የሚባለው ነገር አይጻፍም።

ቀዝቃዛ ዕቃ

ይህ የራሴ ጥፋት ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሣጥን መጣ። ውስጡ የኤላይዛ ኪት (የላቦራቶሪ መመርመሪያ) ነበር። ባለቤቷ የማስተርስ ተማሪ ናት። ስልኳ አልሠራ አለኝ። «ይበልጥ ቢቀዘቅዝ ይሻላል» ብዬ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ሰኞ ጠዋት መጣችና ሣጥኑን ከፈተች። ትንንሾቹ ጠርሙሶች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ድንጋይ ሆኗል። አንዱን አንሥታ በብርሃን አየችው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መቀዝቀዝ እንጂ መርጋት የለበትም» አለችኝ። አልተቆጣችም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ስለዚህ ልጆች፣ ቁጥሩን አንብቡ። ከ2 እስከ 8 ማለት ፍሪጅ ማለት ነው። ከዜሮ በታች 20 ማለት ፍሪዘር ማለት ነው። ደረቅ በረዶ ያለበት ሣጥን ደግሞ ሌላ ነው። ደረቅ በረዶ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሳይቀልጥ በቀጥታ ጋዝ ይሆናል። በባዶ እጅ አትንኩት። ጠባብና መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት፤ ጋዙ አየሩን ተክቶ ሰው ሊያፍን ይችላል። ሣጥኑንም አየር እንዳያስወጣ አድርጋችሁ አታሽጉ። የምታዝዙ ሰዎች ደግሞ ላኪው ከረቡዕ በኋላ እንዳይልክ ንገሩት።

ባጃጅ

ዕቃን በባጃጅ ከግቢ ግቢ መላክ ነውር የለውም፤ ሁላችንም እናደርገዋለን። የጎን ቁጥሩንና የሾፌሩን ስልክ ሳይጽፉ መላክ ግን ዕቃውን መንገድ ላይ መጣል ነው።

ሰዓት

የውጭ አገር አጓጓዥ 9፡00 ካለ በኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በኛ 9 ሰዓት ስትወጡ ሄዷል።

ሰኔ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል። ግዥው ሁሉ በዚያ ወር ይጎርፋል፤ የጅማ ዝናብም አብሮ። መጋዘን ሲሞላ ካርቶን ኮሪደር ላይ፣ ወለል ላይ ይደረደራል። ሲሚንቶ ላይ ያደረ የወረቀት ካርቶን ከሥሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ስታነሡት ቂጡ ይወልቃል። ከሥሩ እንጨት አንጥፉ፣ ከግድግዳም አርቁት።

የተማሪ ዕቃ

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሲገቡ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ በአውቶቡስ ይመጣል። ወላጆች ከላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ዝናብ ያጥበዋል። የዶርም ቁጥር ይጽፋሉ፤ ልጁ ዶርም ቀይሯል። የልጁን ስልክ ይጽፋሉ፤ ሲሙን ቀይሯል። የተማሪ መታወቂያ ቁጥሩን ጻፉ፤ እሱ አይቀየርም። ከውስጥም ስሙና የወላጅ ስልክ ያለበት ወረቀት አስቀምጡ።

አንድ ማዳበሪያ ከረጢት መጣልኝ። ከላይ የሚነበበው «ለልጄ» የሚለው ብቻ ነው። ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ የመጣ የለም። ለሁለት ምስክር አሳይቼ ፈታሁት። በሶው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። ስልክ ቁጥር ነው። ደወልኩ። እናቱ አነሡ። ከየት እንደምደውል ስነግራቸው ስለ ከረጢቱ አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ ደህና ነው? ይበላል?» አሉኝ። የልጁን ሙሉ ስም ነገሩኝ። ከሰዓት በኋላ ልጁ መጣ፣ መዝገቡ ላይ ፈረመና ተሸክሞ ወጣ።