ስፖርት ለጀመረ ሰው ገበታን ማስተካከል፦ በጎጃም እህል፣ ጥራጥሬና አትክልት

ጎጃም ከራሱ አልፎ ጤፉንና በቆሎውን ለሌላው ገበያ የሚያቀርብ አገር ነው። ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ በጊዜው ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነበር። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የንጹሕ ውሃ እጦትና ተደጋጋሚ ሕመምም አለበት። አንዱ ምክንያት ግን ሆድ በእህል ብቻ መሙላቱ ነው። እህል ጉልበት ይሰጣል፤ የደከመ ጡንቻን የሚጠግነውና ደምን የሚተካው በአብዛኛው ከእንጀራው ጋር የሚቀርበው ነው። ሩጫ ወይም ክብደት ማንሳት የጀመረ አዋቂም እንጀራ እየጨመረ ወጡን ካሳነሰ ቶሎ ይዝላል። መፍትሔው በጣሳ የታሸገ የጂም ዱቄት መግዛት አይደለም፤ ለብዙ ሰው የሚያስፈልገው በገበያችን አለ።

1. መጀመሪያ ድካምዎን ይለኩ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። በእነማይ ወይም በማቻክል ከማለዳ እስከ ቀትር ዕርፍ ጨብጦ የሚውል ገበሬ ይህን ከሞላ ጎደል በሥራው ያገኘዋል፤ እሱ የሚያስፈልገው ሩጫ ሳይሆን የሚጠግን ምግብና ዕረፍት ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው ደግሞ እንደ አራሽ እየበላ ሰላሳ ደቂቃ ቢራመድ ክብደቱ አይቀንስም። ስለዚህ የእንጀራው መጠን በሥራው ይወሰን፤ የጥራጥሬውና የጎመኑ ግን ለሁለቱም አይቀነስ።

2. ለእህሉ ጥራጥሬ ያጣምሩ

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው። ጤፍ፣ በቆሎና ገብስ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ላይሲን ሞልቷቸው ሜቲዮኒን የሚባለው ሌላው የፕሮቲን ክፍል ያጥራቸዋል። እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን ቢያንስ 48 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ጠንከር ያለ ልምምድ የሚሠራ ከሆነ 72 ግራምና ከዚያም በላይ። 100 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ 300 ግራም የጤፍ ዱቄት ደግሞ 30 ግራም ገደማ ይጨምራል። ልምምዱ ሲጠነክር በቀን 200 ግራም ጥራጥሬ ማድረስ ነው፤ ጠዋት ንፍሮ፣ ምሳ ክክ፣ ማታ ሽሮ ከሆነ አያስቸግርም። ሽሮው ግን ወፈር ይበል! ቀጥኖ የተሠራ ሽሮ በአብዛኛው ውሃና በርበሬ ነው።

ባቄላውን ሌሊት ዘፍዝፈው፣ ውሃውን አጥልለው፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ሁለት ቀን ያህል ቢያበቅሉት በቆልት ይሆናል። ሲበቅል ቫይታሚን ሲ ይጨምራል፣ በውስጡ ያለውን ብረትም ሰውነት በተሻለ ይወስደዋል። እናቶቻችን ሲሠሩት የኖሩት ይህ ምግብ ከገበታችን እየራቀ መሄዱ ያሳዝነኛል።

ጓያን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ርካሽ ስለሆነ ከሽሮ እህል ጋር ይቀላቀላል፤ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ጉዳቱም አይመለስም። የሽሮ እህልዎን ራስዎ ገዝተው ለቅመው ቢያስፈጩ ይሻላል።

እንቁላልና ወተት ያለው ቤት ሁሉን ወደ ገበያ ባይልክ ምንኛ ጥሩ ነበር። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ጥሩ ፕሮቲን ነው። በጣና ዙሪያ ላለ ሰው ቀረሶና አምባዛ አለለት፤ ጥሬውን ሳይሆን በደንብ አብስሎ ይብላ።

ዳጉሳም ወደ ጠላና አረቄ ብቻ አይሂድ። ከእህሎቻችን በካልሲየም የሚስተካከለው የለም፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ፣ ብቻውንም ገንፎ ይሆናል።

3. ጎመን፣ ሎሚና የቡናው ሰዓት

ደም በአግባቡ ኦክስጅን እንዲያደርስ ብረት ይፈልጋል። ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም፤ ሎሚ፣ ቃሪያ ወይም ጥሬ ቲማቲም አብሮ ሲበላ ግን ይሻሻላል። በደንብ የቦካ እንጀራም ካልቦካው ይበልጣል። ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል። የቡናው ወግ አይቅር፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠጣ።

ጎመኑን ሳይከትፉ ይጠቡት፣ በትንሽ ዘይት ቶሎ ያብስሉት። ካሮት፣ ዱባና ማንጎ የቫይታሚን ኤ ምንጭ ናቸው።

4. ከልምምድ በፊትና በኋላ

ከባድ ምግብ ከልምምዱ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይበላ። አንድ ሰዓት ሲቀር በማር የተበጠበጠ በሶ ይበቃል፤ ሆድ አይከብድም፣ ጉልበትም ይሰጣል። ከልምምድ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ እህልና ጥራጥሬ ያለበት ምግብ ይብሉ፤ የገብስና የሽምብራ ቆሎም ለጊዜው ያግዛል። ለግማሽ ሰዓት እርምጃ ውሃ እንጂ ሌላ የተለየ ዝግጅት አያስፈልግም።

5. በጾም ወቅት

ብዙ ሰው ጾም ሲገባ ስፖርቱን ይተወዋል። መተው የለበትም፤ ሰዓቱን መቀየር ይበቃል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ቀትር ላይ አይሩጥ። ጾሙን ፈትቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ቢሠራና ማታ ቢመገብ ሰውነቱ አይጎዳም። በሰሙነ ሕማማት ስግደቱ ራሱ ከባድ የሰውነት ሥራ ስለሆነ ሌላ ልምምድ አይጨምሩበት።

የጾም ምግብ የሚጎድለው ቅባትና ፕሮቲን ነው። ኑግ፣ ተልባና ሱፍ ቅባቱን፣ ስልጆና ወፍራም ሽሮ ፕሮቲኑን ይሞላሉ። ቫይታሚን ቢ12 ግን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው። ጉበት ስለሚያከማቸው የዓቢይ ጾም 55 ቀን ብቻውን አያሟጥጠውም፤ ከፋሲካ በኋላ ግን በአንድ ቀን ሥጋ ከመጥገብ ይልቅ እንቁላልና ወተት አዘውትሮ መመገብ ይበጃል።

6. ጨውና መጠጥ

አዮዲን ያለው ጨው ይግዙ፤ እንቅርት በደጋው አገራችን የቆየ ችግር ነው። አዮዲኑ በሙቀት ስለሚጠፋ ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር፣ በቀንም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። በላብ የወጣው ፈሳሽ በውሃ ይተካ፤ ከልምምድ በኋላ አረቄ መጠጣት የጡንቻውን ጥገና ያዘገያል።

ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ገበታዎን አስተካክለው ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ በኋላም ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥርዎት ወይም ሲነሡ የሚያዞርዎት ከሆነ፣ ልምምዱን ቀነስ አድርገው ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ማነስ መኖሩን የሚያሳየውን የሄሞግሎቢን ምርመራ ይጠይቁ።