የልጁን የመንሳፈፊያ ጃኬት ከወደብ ሳትወጡ ፈትኑት

በክሮኤሺያ የባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ ከስፕሊት ወደ ብራች ደሴት፣ ትንሽ ልጅ ይዛችሁ በሸራ ጀልባ ለመጓዝ ካሰባችሁ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የልጁን የመንሳፈፊያ ጃኬት ገና ከወደብ ሳትወጡ ፈትኑት። ጃኬቱ የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በልጁ ክብደት ስለሆነ፣ «ያድግበታል» ብሎ ሰፋ ያለ መግዛት፣ ለልብስ ደግ ልማድ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ አደገኛ ነው። ዘለበቶቹን በሙሉ ቆልፋችሁ፣ በእግሮቹ መካከል የሚያልፈውን ማሰሪያ አጥብቃችሁ፣ የጃኬቱን ትከሻ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት፤ የልጁ አገጭና ጆሮ ወደ ውስጥ ከገባ ጃኬቱ ሰፍቶታልና ይቀየር። ለሕፃን ከአንገቱ ኋላ ወፍራም ድጋፍ ያለው ይሻላል፤ ፊቱን ከውኃው በላይ ለመያዝ ይረዳል።

በሐምሌና በነሐሴ በዚያ ዳርቻ ማኤስትራል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ከረፋዱ ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታና ወደ ማታ ስለሚበርድ፣ ልጅ ያለበት ጉዞ በማለዳ ተጀምሮ ከምሳ በፊት ቢያልቅ እመርጣለሁ። ሸራ በሚወጣበትና በሚወርድበት ጊዜ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ገመድ ሳይነካ ልጁን ብቻ ይያዝ።