በኩፖን የገዛችሁት ዕቃ ቤቱን ሲያጨናንቅ ወደ ልኩ እንዴት ይመለሳል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ድስት ጥጄ የሽሮውን ላስቲክ ስፈታ የልብስ ሳሙና ሽታ አፍንጫዬን መታው። እናቴ አስፈጭታ፣ ነፍታ፣ በሰው እጅ ከአዲስ አበባ የላከችልኝ ሽሮ ነበር። በዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጎኑም ከላዩም፣ 14 ትልልቅ የፈሳሽ ሳሙና ጀሪካኖች ተደርድረዋል። አንዱ ክዳኑ ላልቶ በቀስታ ሲያንጠባጥብ ሰንብቷል። ሁሉንም የገዛሁት በኩፖን፣ ከግማሽ ዋጋ በታች ነው። ሽሮውን ደፋሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቴን መልሼ ልክ ያስያዝኩበትን መንገድ ነው የምጽፈው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነው። ባለቤቴ፣ ልጃችንና እኔ ነን። እዚህ አሜሪካ አምራቾች ኩፖን፣ ማለትም የዕቃን ዋጋ የሚያስቀንስ ወረቀት፣ በእሑድ ጋዜጣና በስልክ ያድላሉ፤ መደብሩ ደግሞ በራሱ ቅናሽ ያወጣል። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ሲገጣጠሙ ዕቃው በሳንቲም ይገኛል። አንዳንድ መደብሮች ከዚህም በላይ ለሚቀጥለው ግዢ የሚሆን ተመላሽ ይሰጣሉ። ተመላሹ ግን የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ እንዳይቃጠል ተብሎ እንደገና ይገዛል። ክምችቱ ሳይታወቅ አልጋ ሥር የሚደርሰው እንዲህ ነው።

ማንም ሰው በዚህ ማፈር የለበትም። እናቴ በደርግ ዘመን ለስኳርና ለሳሙና በቀበሌ ሱቅ ስትሰለፍ ያየሁ ልጅ ነኝ። ሳሙና ሲገኝ ማስቀመጥ ብልህነት ነበር። እዚህ ግን ሳሙናው ሁልጊዜ አለ፤ የጠፋው ማስቀመጫው ነው።

1. ሁሉንም አውጡና ቁጠሩ

ግማሽ ቀን መድቡ። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን፣ ከመታጠቢያ ቤት፣ ከመኪና ኋላ ያለውን ሁሉ ሳሎን ወለል ላይ አምጡና በየዓይነቱ ሰብስቡት፤ የጥርስ ሳሙና ከጥርስ ሳሙና፣ ሶፍት ከሶፍት። እየቆጠራችሁ በወረቀት ጻፉ። ግምት አትጻፉ፤ እኔ "ወደ 15 የሚሆን የጥርስ ሳሙና አለኝ" ብዬ የማስብ ሰው 41 ነው ያገኘሁት።

2. ለእያንዳንዱ ዕቃ ልክ አውጡለት

የሥራው ሁሉ መሠረት ይህ ስለሆነ አትቸኩሉበት። ኩፖን የሚሰበስቡ ሰዎች በልምድ እንደሚያውቁት፣ አንድ ዕቃ ጥሩ ቅናሽ ከወጣበት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ውስጥ ተመልሶ ይቀንሳል። ስለዚህ ቤታችሁ መያዝ ያለበት 12 ሳምንት የሚያደርሰውን ነው። ከዚያ በላይ ያለው ምንም አያተርፍም፤ ቅናሹ ተመልሶ ሲመጣ በዚያው ዋጋ ይገኛልና።

የእኛን ቤት እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ለሦስታችን በወር አንድ የጥርስ ሳሙና ይበቃል። የ12 ሳምንት ልካችን 3 ነው፤ ለእንግዳ አንድ ጨምሬ 4 አደረግሁት። 41ዱን በወር በወር ብንጠቀም ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ያስኬደናል። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተመረተ ሁለት ዓመት ገደማ ይቆያል። ገና ከፋብሪካ የወጣ ቢሆን እንኳ እስከዚያ የምንጨርሰው 24 ነው። የቀሩት 17ቱ በነጻ ቢሰጡኝም ኪሳራ ናቸው፤ ያረፉበት ቦታ የቤት ኪራይ የምከፍልበት ነው።

የፍጆታችሁን መጠን የማታውቁት ዕቃ ካለ፣ ስትከፍቱት ቀኑን በማርከር ጻፉበት። ሲያልቅ በስንት ሳምንት እንዳለቀ ታያላችሁ። ሁለት ጊዜ ከጻፋችሁ ልኩን ታውቁታላችሁ። ዳይፐር ላይ ግን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ልጅ ያድጋል። ልጁ አሁን ከሚለብሰው የዳይፐር ቁጥር ከአራት ሳምንት በላይ የሚሆን አታስቀምጡ።

3. ቀኑን አንብቡ

አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው ነው የሚጽፉት። 03/04 ማለት ኤፕሪል 3 ሳይሆን፣ በእነርሱ አጻጻፍ ማርች 4 ነው። ቀን ማስቀደም የለመድን ሰዎች እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን።

ምግብ ላይ "እስከዚህ ቀን ቢጠቀሙት ይመረጣል" የሚለው ጽሑፍ ስለ ጣዕሙና ስለ ጥራቱ እንጂ ስለ መበላሸቱ አይናገርም። የፌዴራሉ ሕግ ቀን እንዲጻፍበት የሚያስገድደው የሕፃናት ዱቄት ወተትን ብቻ ነው፤ ቀኑ ያለፈበትን ለልጅ አትስጡ፣ ለሌላ ሰውም አታሳልፉ። የታሸገ ቲማቲምና ሌላ ጎምዛዛ ምግብ ከ12 እስከ 18 ወር፣ ቱናና ባቄላን የመሰለው ከ2 እስከ 5 ዓመት ጥራቱን ይጠብቃል፤ ይህም ቀዝቀዝ ባለና በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ነው። ያበጠ ወይም የሚያፈስ ቆርቆሮ ካያችሁ ሳትቀምሱ ጣሉት። በረኪና ላዩ ባይለወጥም ኃይሉ በወራት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል፤ አከማችቶ ማቆየት ዋጋ የለውም። የራስ ምታትና የጉንፋን መድኃኒቶችን እንደተጻፈባቸው ቀን ያዙ።

4. ቦታ ስጡ፤ ክብደትን፣ ሙቀትንና ሽታን እያያችሁ

ትንሽ ቤት ውስጥ ክምችት አንድ ቤት ብቻ ይኑረው። እኔ የመረጥኩት የኮሪደሩን ቁም ሳጥን ነው፤ አንድ ቁም ሳጥን፣ አራት መደርደሪያ። እዚያ ያልገባ ዕቃ በእኛ ቤት ትርፍ ነው። እንደ ሶፍትና ዳይፐር ያለ ቀላልና ደረቅ ነገር ብቻ አልጋ ሥር እንዲገባ ፈቅጃለሁ።

ከባዱ ወለል ላይ ይቀመጥ። አራት ሊትር ተኩል የሚይዝ የፈሳሽ ሳሙና ጀሪካን ከአራት ኪሎ በላይ ይመዝናል። አሥሩን በአንድ መደርደሪያ ላይ ስትደረድሩ አንድ ጎልማሳ ሴት ልታክል ትንሽ የሚቀረው ክብደት ነው። የአፓርትመንት የሽቦ መደርደሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው በስስ የጂፕሰም ግድግዳ ላይ ስለሆነ ተነቅሎ ይወድቃል።

ማሞቂያው ወይም የፍል ውኃ ጋኑ ባለበት ክፍል ምንም አታስቀምጡ። ካርቶንና ሶፍት እሳት ፈላጊ ናቸው፤ አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃም እንዲሁ። ጣሪያው ላይ የእሳት ማጥፊያ ውኃ መርጫ ካለ፣ ክምሩ ከመርጫው ቢያንስ 46 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ ውኃው ወደ ክፍሉ አይሰራጭም። መድኃኒት መታጠቢያ ቤት አይቀመጥም፤ እንፋሎቱ ያበላሸዋል። በረኪና አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አይሁን፤ ፈስሰው ከተቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። ከረሜላ የሚመስሉት ባለ ቀለም የልብስ ሳሙና እሽጎች ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት በቁልፍ ይዘጋባቸው።

በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ከሳሙና ጋር ፈጽሞ አይደሩ። ላስቲክ ሽታ አያግድም፤ እኔ በሽሮዬ ተምሬዋለሁ። ክዳኑ ግጥም የሚል የመስታወት ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ በሌላ ክፍል አስቀምጡ።

ስትደረድሩ ቶሎ የሚያልፍበት ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ ይግባ። በእያንዳንዱ መደርደሪያ ጠርዝ ላይ የዕቃውን ስምና ልኩን በፕላስተር ለጥፉ፦ "የጥርስ ሳሙና 4"፣ "ሻምፖ 3"። ይህ ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ባለቤቴን እንኳ ከእኔ እኩል አዋቂ አድርጎታል፤ መደብር ሆኖ "አለን ወይ?" ብሎ መደወሉን ትቷል።

5. ትርፉን ቀኑ ሳያልፍ አውጡ

ከልክ በላይ የሆነውን ዕቃ "ለክፉ ቀን" ብሎ ማቆየት ያጓጓል። ግን የሌላው ሰው ክፉ ቀን ዛሬ ሊሆን ይችላል። ፉድ ስታምፕ፣ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የምግብ ድጎማ፣ ምግብ እንጂ ሳሙና፣ ሶፍት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሞዴስና ዳይፐር አይገዛም። እናንተ ቤት የበዛው በትክክል በዚህ ድጎማ የሚኖሩት ሰዎች የሌላቸው ነው። በእኛ አካባቢ፣ ሞንትጎሞሪ ካውንቲ፣ ማና ፉድ ሴንተር የሚባለው የምግብ እርዳታ ድርጅት ምግብ ይቀበላል፤ ለሌላ ዕቃ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ለችግረኛ ቤተሰቦች ዳይፐር የሚያድሉ ብዙ የዳይፐር ባንኮች የተከፈተ ፓኬት እንኳ ይወስዳሉ። በ1996 የወጣው የቢል ኤመርሰን ሕግ በቅን ልቦና ለበጎ አድራጎት ድርጅት ምግብ የለገሰን ሰው ከተጠያቂነት ስለሚጠብቅ በዚያ አትስጉ።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያስደስተኝ በዲቪ አዲስ ለመጡ ቤተሰቦች የማዘጋጀው ካርቶን ነው። ሁለት የገላ ሳሙና፣ ላርጎ፣ የጥርስ ሳሙናና ብሩሽ፣ ሻምፖ፣ ሶፍት፣ ሞዴስ፣ ሁለት ኪሎ ሩዝ፣ ፓስታና ሳልሳ። አንድ ካርቶን የመጀመሪያውን ወር ያቀልላል። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ አዲስ የመጣ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ወደ አገር ቤት የምትልኩ ከሆነ፣ የሚሄደውን ሰው ስንት ኪሎ ቦታ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ የመሄጃው ዋዜማ ላይ ከረጢት ይዞ መምጣት ሰውን ማስጨነቅ ነው። 170 ግራም የሚመዝኑ 20 የጥርስ ሳሙናዎች ብቻቸውን 3.4 ኪሎ ይሆናሉ። የፈሳሽ ዕቃ ክዳን ሥር ላስቲክ አድርጋችሁ አጥብቁት፣ በፕላስተር ዙሩት። የሚነፋ ዲኦድራንትና የፀጉር ስፕሬይ እያንዳንዱ ከ500 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ ከሌላው የንጽሕና ዕቃ ጋር በድምሩ ለአንድ ሰው ከ2 ኪሎ እንዳያልፍ ተወስኗል። በረኪና በአውሮፕላን አይሄድም። ቀኑ ሊያልፍ አንድ ወር የቀረውንም ለዘመድ አትላኩ።

6. ኩፖኑን ራሱን ያዙት

ኩፖኖችን በዕቃ ዓይነት ሳይሆን በሚያበቁበት ወር ለዩ፤ አንድ ፖስታ ለያዝነው ወር፣ አንድ ለሚቀጥለው። ሦስተኛ ፖስታ አያስፈልግም። የስልኩንም ኩፖን ወደ መደብር ከመሄዳችሁ በፊት ብቻ ምረጡ።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የቁም ሳጥኑን በር ከፍታችሁ ፎቶ አንሱ። መደብር ውስጥ ኩፖኑ በእጃችሁ፣ ቅናሹ በዓይናችሁ ፊት ሆኖ ልባችሁ ሲከጅል ፎቶውን ተመልከቱ። መደርደሪያው ልኩን ከያዘ፣ ኩፖኑን ከዕቃው አጠገብ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት። ባለፈው ሳምንት የሁለት ዶላር የሻምፖ ኩፖን እንዲያ ትቼ ወደ ወተቱ ሄድኩ። ስመለስ አንዲት አረጋዊት ሴት ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እያነበቡ ነበር።