ሌቨሉን ማን ይምረጥ?

ጌሙ ገና ሲከፈት ጥያቄ ይጠይቃል። ኢዚ፣ ኖርማል ወይስ ሃርድ? አንድ በተን እንኳ አልተጫነም። ጠላት ምን ያህል እንደሚመታ፣ ጥይት ቶሎ ያልቅ እንደሆነ ማንም አላየም። ሰው ታዲያ በምን ይመርጣል?

ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ አነስተኛ ጌም ቤት አለኝ። በምን እንደሚመርጡ በየቀኑ አያለሁ። ጆይስቲኩን የያዘው ልጅ መጀመሪያ ስክሪኑን አያይም። ዞር ብሎ አግዳሚውን ያያል። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ አሉ። አንዱ ፈገግ ካለ የልጁ ጣት ወደ ሃርድ ይሮጣል። ከዚያ የከፈለበት ሰዓት አንድ በር ላይ ሲሞትና ሲነሳ ያልቃል። ተማርሮ ቀድሞ ከተነሳስ ተራው ለማን ይደርሳል? ፈገግ ላለው ልጅ! ስለዚህ ከሁሉ በፊት አግዳሚው እንዳይመርጥላችሁ። እሱ የራሱ ጥቅም አለው።

ምን እንደሚቀየር እዩ

ሃርድ ሲባል ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ብልህ የሚሆን ይመስለዋል። አንዳንዴ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን የሚቀየረው ቁጥር ብቻ ነው። ስካይሪም የሚባለውን ጌም ውሰዱ። ሌጀንደሪ በሚባለው የመጨረሻ ሌቨል የእናንተ ምት ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። የጠላት ምት ደግሞ 3 እጥፍ ይሆናል። ጠላቱ ግን አዲስ ዘዴ አልተማረም። ያው ሰውዬ ነው፤ ቶሎ አይሞትም እንጂ። ረጅም ፍልሚያ ለሚወድ ሸጋ ነው። ታሪኩን ለማየት ለመጣ ሰው ግን አንዱን ሽፍታ ሲቀጠቅጡ መዋል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዊቸር 3 ሌላ መንገድ አለው። በታችኞቹ ሁለት ሌቨሎች ቁጭ ብላችሁ ሜዲቴት ስታደርጉ ላይፍ ይሞላል። በላይኞቹ ሁለት አይሞላም። ስለዚህ ላይ ቤት ከሆናችሁ ምግብና መድኃኒት መልቀም የሥራው ግማሽ ይሆናል። ይህን የሚወድ አለ። እኔ አልወድም።

ማይንክራፍት ደግሞ ከነጭራሹ ጨዋታውን ይቀይረዋል። ፒስፉል በሚባለው ሌቨል ላይ የሚያጠቋችሁ ጭራቆች አይመጡም፤ ረሃብም አያስቸግርም። ሃርድ ላይ ረሃቡ ራሱ ይገድላል፤ ዞምቢም የእንጨት በር ሰብሮ ይገባል። ቤት መሥራት ለሚወድ ልጅ ፒስፉል ምርጡ ነው። የፈሪ ነው የሚሉትን አትስሟቸው።

ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ከሌቨሉ ስር የተጻፈችውን አጭር መግለጫ አንብቡ። ሰው ዘሏት ያልፋል። የሚቀየረው የጠላት ጉልበት ነው? የጥይት ብዛት ነው? የሴቭ ቦታ ነው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አለ።

ኳስ ላይ

እኔ ቤት ከሚገባው ሰው አብዛኛው የሚጫወተው ኳስ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ጋ ረዘም ልበል። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል። ሰፈሩ ግን አሁንም ፊፋ ነው የሚለው። ሌቨሎቹ ከታች ወደ ላይ ሲደረደሩ ቢጊነር፣ አማተር፣ ሰሚ ፕሮ፣ ፕሮፌሽናል፣ ወርልድ ክላስ፣ ሌጀንደሪና አልቲሜት ናቸው።

የእናንተን ሌቨል ለማግኘት እንዲህ አድርጉ። ከኮምፒውተር ጋር ኪክ ኦፍ የሚባለውን ነጠላ ጨዋታ ክፈቱ። ሁለቱንም ወገን አንድ ቡድን አድርጉት፤ አርሴናል ከአርሴናል በሉ። ያለዚያ ያሸነፋችሁት በእጃችሁ ይሁን በአጥቂው ፍጥነት አይታወቅም። ሰሚ ፕሮ ላይ ጀምሩ። አንድ ጨዋታ ጨርሱና ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ኳሷ የት የት እንደጠፋችባችሁ አስታውሱ።

5 ለ 0 አሸንፋችሁ አንዴም በደንብ መከላከል ካላስፈለጋችሁ፣ ወደ ላይ ውጡ። 3 ለ 1 ተሸንፋችሁ ግን ግብ ጠባቂውን ካስጨነቃችሁት፣ እዚያው ቆዩ። ቦታችሁ እሱ ነው። ከመሃል ሜዳ ማለፍ ካቃታችሁ ግን ዝቅ በሉ። በተዘጋ ሜዳ ማንም ምንም አይማርም።

ፕሮፌሽናል ላይ ቆይቶ ወርልድ ክላስ ሲገባ የሚደነግጥ ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ ኳሷን ቶሎ ቶሎ ይቀባበላል። የሩጫውን በተን፣ አር ቱን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨምቆ የሚይዝ ተጫዋች ታች ቤት ያሸንፍ ነበር። እዚህ ሲደርስ ተከላካዩ እየሮጠ ያልፈውና ኋላው ባዶ ይቀራል። ይህ ሲደርስባችሁ ወዲያው አትውረዱ። መጀመሪያ አር ቱን ልቀቁት፤ ተከላካያችሁን ከኳሱና ከጎሉ መሃል አቁሙት። ካልሆነ ያኔ ውረዱ።

በሁለት ሌቨሎች መሃል የተቀረቀረ ሰውም አለ። ፕሮፌሽናል ቀልሎት ወርልድ ክላስ ያንቀዋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅዳሜ ሲመጡ በብዛት የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ለዚህ ስላይደር አለላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ ለእናንተና ለኮምፒውተሩ ለየብቻ የፓስ ስህተት፣ የሹት ስህተት፣ የሩጫ ፍጥነት የመሳሰሉት ተደርድረዋል። ሁሉም 50 ላይ ነው የሚጀምሩት። ወርልድ ክላስ ላይ ሆናችሁ የኮምፒውተሩን የፓስ ስህተት ትንሽ ከፍ አድርጉት። ፓሱ ይሳሳታል፤ ትንፋሽ ታገኛላችሁ። አንድ በአንድ ነካኩ። አምስቱን በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ሁለት ሰው ሲጋጠም ደግሞ ሌቨል ማለት የቡድን ምርጫ ነው። ለዚህ ነው ቡድኖቹ በኮከብ የተለዩት። ጎበዙ ባለ ሦስት ኮከብ ይያዝ፤ ጀማሪው ባለ አምስት። እኔ ቤት ተሸናፊ ይከፍላል የሚባል ጨዋታ አለ። እዚያ ላይ ማንቸስተር ሲቲን ይዞ ጀማሪ ልጅ ላይ የሚቀመጥ ጎረምሳ ሳይ ዝም አልልም። ቡድን ቀይር እለዋለሁ። ካኮረፈ ያኩርፍ።

ታሪክ ያላቸው ጌሞች

እዚህ የሚቀድመው ጥያቄ፣ መሃል ላይ መቀየር ይቻላል ወይ የሚለው ነው። አብዛኛው ጌም ይፈቅዳል። ኦፕሽን ወይም ሴቲንግ ገብታችሁ ጌምፕሌይ በሚለው ውስጥ ፈልጉት። የማይፈቅድም አለ። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር አራት ሌቨል አለው። የታችኞቹን ሦስቱን እንደልባችሁ ትቀያይራላችሁ። የመጨረሻው ግን ወጥ ውስጥ የገባ ጨው ነው። ዝቅ ማድረግ ከፈለጋችሁ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ጌሙ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ማን ያነባል እንጂ።

መቀየር ከተቻለ ኖርማል ላይ ጀምሩ። ይህን የምለው ከዚህ በፊት ጆይስቲክ ይዘው ለሚያውቁ ነው። ኖርማል የተሠራው ለእነሱ ነው። ካሜራውን በአንድ አውራ ጣት፣ ሰውየውን በሌላው ማንቀሳቀስ ዛሬ ለሚጀምር ሰው ኖርማል መሃል አይደለም፤ ከባድ ነው። እሱ ያለ ሐሳብ ኢዚ ይጀምር።

ቀጥሎ የሚመጣው መቼ ልውረድ የሚለው ነው። ከኮምቦልቻ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ ልጅ አለ። ኮል ኦፍ ዱቲ ላይ አራቱ ሌቨሎች ሪክሩት፣ ሬጉላር፣ ሃርደንድና ቬተራን ናቸው። እሱ ቬተራን ካልሆነ አይነካም። ቬተራን ላይ ጥቂት ጥይት ካገኛችሁ አለቀ። ልጁ አንድ ግቢ ውስጥ ሲወድቅ ሲነሳ አየሁትና ጠጋ አልኩ።

«ማን ገደለህ?»

«እንጃ ጋሼ።»

«ከየት በኩል ተኮሰብህ?»

«እንጃ ወላሂ።»

«አብሽር፣ ሬጉላር አድርገው።»

በግድ እሺ አለ። ሬጉላር ላይ ሲሆን ቆም ብሎ ማየት ቻለ። ተኳሹ ለካ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ስር ነው። ያንን ካወቀ በኋላ ሃርደንድ አድርጎ አለፈው። መለኪያው ይህ ነው። ስትሞቱ ለምን እንደሞታችሁ ከተናገራችሁ ሌቨሉ ልክ ነው። ሜዳ ላይ ቆሜ ጥይት ስሞላ፣ ካላችሁ ቀጥሉ። ደጋግማችሁ ሞታችሁ መልሱ አሁንም እንጃ ከሆነ ውረዱ። ምክንያቱን እያወቃችሁ እጃችሁ ብቻ እምቢ ካለ ግን ሌቨሉን ተዉት። ውጡና ሻይ ጠጡ።

ሳትጠይቁት ራሱ የሚያስተካክል ጌምም አለ። እ.ኤ.አ. የ2005ቱ ሬዚደንት ኢቭል 4 ኖርማል ላይ ደጋግማችሁ ስትሞቱ ሳይነግራችሁ ያቀለዋል። ጎበዝ ስትሆኑ ደግሞ ያከብደዋል። እንዲህ ያለው ላይ በምርጫ አትጨነቁ።

አንዱን ነገር ብቻ ማቅለል የሚቻልባቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2 የጠላትን ጥንካሬ፣ የምታገኙትን ጥይትና ዕቃ፣ ተደብቆ መሄዱን ለየብቻ ያስመርጣል። መደበቅ የሚያማርረው ሰው መደበቁን ብቻ ኢዚ አድርጎ ፍልሚያውን ሃርድ ሊተወው ይችላል። ሴለስት ላይ ደግሞ አሲስት ሞድ የሚባል አለ። የጌሙን ፍጥነት በ10 በ10 ፐርሰንት እየቀነሱ እስከ 50 ያወርዱታል። ዝላዩ ያው ነው፤ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ማጭበርበር ነው ለሚሉኝ፣ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው ያስገቡት እላለሁ።

ምርጫ የሌላቸውም አሉ። ዳርክ ሶልስ፣ ሴኪሮ፣ ኤልደን ሪንግ ኢዚ የሚል ነገር የላቸውም። ኤልደን ሪንግ ላይ ግን መንገድ አለ። ቦሱ፣ ማለት ዋናው ጠላት፣ ካቃታችሁ ጥላችሁት ሂዱ። ሌላ አገር ዙሩ፣ የሰውያችሁን ጉልበት ከፍ አድርጉ፣ የሚያግዛችሁን መንፈስ ጠርታችሁ ተመለሱ። እዚያው ቆሞ ጆይስቲክ መጨፍለቅ ለእኔም ኪሳራ ነው።

መኪና ላይ አጭር ነገር ልበል። አንዳንዱ ውድድር፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. የ2005ቱ ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ፣ ስትቀድሙ ኋለኞቹን ያፈጥናቸዋል። ገና በመጀመሪያው ዙር ማፍጠኛውን ናይትረስ አትጨርሱ፤ ለመጨረሻ ያዙት። ግራን ቱሪስሞ 7 ላይ ደግሞ ፍሬኑን ራሱ የሚይዝበት፣ መሪውንም የሚያግዝበት አማራጭ አለ። አንድ አባት ከሐይቅ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ሁለቱንም አበራሁላቸው። ከመንገድ ሳይወጡ ዙሩን ጨርሰው «ይሄስ ከሀረጎ ጠመዝማዛ ይሻላል» አሉ። ልጁ ቀንቶ ጆይስቲኩን ነጠቃቸው።

መብራትና ሴቭ

ይህን የውጭ ሰዎች የሚጽፉት ምክር ላይ አታገኙትም። ሌቨል ስትመርጡ መብራቱንም አስቡ። አንዳንድ ጌም ሃርድ ሲሆን የሴቭ ቦታውን ያራርቀዋል። ሻዶው ኦፍ ዘ ቶምብ ሬይደር በመጨረሻው ሌቨል ሴቭ የሚያደርገው ካምፕ ስትደርሱ ብቻ ነው። ካምፑ ሊደርስ ሲል መብራት ከጠፋ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ። ክረምት ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ዝናቡ ሲወርድ፣ እንዲህ ያለ ሌቨል ባትጀምሩ ይሻላል። ሴቭ እያደረገ ነው የምትለዋ ምልክት ስትዞርም ማሽኑን በእጃችሁ እንዳታጠፉት።

ጌም ቤት የምትጫወቱ ከሆነ ሌላም አለ። ማሽኑ የጋራ ነው። ረጅም ታሪክ ሃርድ ላይ ጀምራችሁ ሳምንት ቆይታችሁ ስትመጡ፣ አንዱ ሴቫችሁ ላይ ደርቦ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ስለዚህ እዚህ አጭር አጭሩን፣ ወይም ኳሱን ተጫወቱ። ረጅሙን ሃርድ ቤቱ የራሱ ማሽን ላለው ተዉት። ትሮፊ፣ ማለት ጌሙ የሚሰጠውን ሽልማት፣ የምትሰበስቡም ከመውረዳችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ። ብዙዎቹ ኮል ኦፍ ዱቲዎች ቬተራን ላይ ለጨረሰ የሚሰጡት ትሮፊ አላቸው። የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር ግን በሌቨል የተያዘ ትሮፊ የለውም፤ እዚያ ዝቅ ብትሉ የምታጡት የለም።

ስትጨርሱ ደግሞ ፊፋውን ወደ ፕሮፌሽናል መልሱልኝ። አልቲሜት ላይ ትታችሁት ስትወጡ፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው ልጅ 6 ለ 0 ተሸንፎ ጆይስቲኩ ተበላሽቷል ብሎ ብሩን እንድመልስለት ይከራከረኛል።