የሃይድሮጅን ሞለኪዩልን በሌዘር እንዴት አዮን ማድረግ ይቻላል

አዮን ማድረግ ማለት ኤሌክትሮን መንቀል ነው፣ ከሃይድሮጅን ሞለኪዩል አንዱን ለመንቀል 15.4 ኤሌክትሮንቮልት (በጣም ትንሽ የጉልበት መለኪያ ነው) ያስፈልጋል፣ ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ ያለው የ800 ናኖሜትር ሌዘር ግን አንዱ ፎቶኑ (የብርሃን ቅንጣቱ) 1.55 ብቻ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ቢያንስ 10 ፎቶን ባንዴ መስራት አለበት። በተራ ብርሃን ይሄ አይታሰብም፣ ብርሃኑን ማጠንከር ነው ያለው አማራጭ።

መጀመሪያ ፐልሱን፣ ማለትም አጭሩን የሌዘር ብልጭታ፣ አዘጋጁ። 30 ፌምቶሰከንድ (አንዱ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ነው) የሚቆይ 0.1 ሚሊጁል ይበቃል፣ ጉልበቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ግን ጊዜው በጣም ስላጠረ 3 ጊጋዋት ይደርሳል፣ እሱን በሌንስ 50 ማይክሮሜትር ስፋት ላይ ስትሰበስቡት በካሬ ሴንቲሜትር ከ100 ትሪሊዮን ዋት ያልፋል። የሌዘር መከላከያ መነፅር ግን ሳታደርጉ እንዳትጀምሩ፣ 800 ናኖሜትር ለአይን በጣም ደብዛዛ ነው፣ ደካማ መስሎ አይን ያጠፋል።

ቀጥሎ የሃይድሮጅን ጋዙን በቀጭን ቀዳዳ ወደ ቫኪዩም ቻምበር (አየሩ የተመጠጠበት ክፍል) ልቀቁትና ብርሃኑ በሚሰበሰብበት ነጥብ ላይ ከሌዘሩ ጋር አገናኙት። እዛች ነጥብ ላይ የሚሆነው ነው ደስ የሚለው፦ የብርሃኑ ኤሌክትሪክ ፊልድ በናኖሜትር ከ27 ቮልት በላይ ስለሚሆን ኤሌክትሮኑን አጥሮ የያዘውን ግድግዳ በአንድ በኩል ያሳሳዋል፣ ኤሌክትሮኑም ሳይዘለው ሾልኮ ይወጣል፣ ታነሊንግ የሚባለው ይሄ ነው። ፊልዱ በ1.3 ፌምቶሰከንድ አቅጣጫውን ስለሚገለብጥ የወጣው ኤሌክትሮን አንዳንዴ ተመልሶ መጥቶ የራሱን አዮን ይመታል።

ከዛ አዮኖቹን በቮልቴጅ ገፍታችሁ ዲቴክተር ላይ የሚደርሱበትን ሰዓት ለኩ። ሞለኪዩሉ ሲሰበር የሚወጣው ፕሮቶን (ኤሌክትሮን የሌለው የሃይድሮጅን አስኳል) ቀድሞ ይደርሳል፣ ኤሌክትሮን አንድ ብቻ የጎደለበት ሞለኪዩል ክብደቱ እጥፍ ስለሆነ 1.41 እጥፍ ጊዜ ይወስድበታል። ሌዘሩን ጨመር ስታደርጉ ሁለተኛውም ኤሌክትሮን ይወጣና የቀሩት ሁለት ፕሮቶኖች ተገፋፍተው ይፈነዳሉ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ፣ ቫኪዩሙ ውስጥ የቀረ የውሃ እንፋሎትም ሲሰበር ፕሮቶን ይሰጣል። ስለዚህ ጋዙን ዘግታችሁ አንዴ ለኩና ከውጤቱ ቀንሱ። ከዛ የሌዘሩን ፖላራይዜሽን (ፊልዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ) አሽከርክሩ፣ ሞለኪዩሉ ሲፈነዳ ፈጣኖቹ ፕሮቶኖች በብዛት የሚወረወሩት በዚሁ መስመር ስለሆነ፣ ፖላራይዜሽኑ ወደ ዲቴክተሩ ሲዞር ሲግናሉ ከፍ፣ ወደ ጎን ሲዞር ዝቅ ማለት አለበት።