የወረዳ ወጪ ውስጥ ብክነትን እንዴት እናገኛለን? ለምክር ቤት አባላት

ስብሰባ ላይ «የሕዝብ ገንዘብ እየባከነ ነው» ያለ አባል «በቁጠባ እየሠራን ነው» ተብሎ ይታለፋል። የሒሳብ መደብ (የእያንዳንዱ ወጪ ዓይነት መለያ ቁጥር) ጠቅሶ የጠየቀን ግን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም።

ከገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት በሒሳብ መደብ ተዘርዝሮ ጠይቁ፤ በሴክተር የተጠቃለለው ምንም አያሳይም። 6100ዎቹ ደመወዝና ተያያዥ ክፍያዎች ናቸው። ከክልል የሚወርደው ጥቅል በጀት አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ ስለሚውል እዚያ ብዙ አትቆዩ። ዓይናችሁን 6200ዎቹ ላይ አሳርፉ፤ በተለይ 6217 (ነዳጅና ቅባት)፣ 6231 (ውሎ አበል)፣ 6233 (መስተንግዶ) እና 6271 (የአገር ውስጥ ሥልጠና)። የጸደቀውን በጀት ከተስተካከለው (ከዝውውር በኋላ ካለው) ጋር አስተያዩ። ለመድኃኒት ጸድቆ ወደ ውሎ አበል የተዛወረ ብር እዚያ ይታያል፤ የዝውውሩን ደብዳቤ ጠይቁ።

ነዳጅን ለማጣራት የተሽከርካሪውን ሎግ ቡክ (የጉዞ መዝገብ) ያዙ። በሩብ ዓመቱ 600 ሊትር ተቀድቶ ቆጣሪው 3,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ከጨመረ፣ መኪናው በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ለናፍጣ ፒክአፕ ይህ በኮረኮንች መንገድም ቢሆን ማብራሪያ ይፈልጋል። «ቆጣሪው ተበላሽቷል» ከተባላችሁ የጥገና መጠየቂያው መቼ እንደተጻፈ ጠይቁ። ቀጥሎ ሎግ ቡኩን ከውሎ አበል ሰነዱ ጋር አገናኙ፤ በወረዳው መኪና ወጡ ተብሎ አበል በተከፈለበት ቀን መኪናው ቆሞ ከዋለ ወይም ባለሙያው ቢሮ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ላይ ፈርሞ ከተገኘ ነገሩ ግልጽ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሰኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ያላለቀ ገንዘብ ስለሚመለስ፣ ግዥው በጥድፊያ ይጎርፋል። በተከታታይ ቀናት ከአንድ ነጋዴ የተገዙ፣ የደረሰኝ ቁጥራቸውም የተከታተለ፣ ዋጋቸው ግን ጨረታ ግዴታ ከሚሆንበት ጣሪያ ጥቂት ዝቅ ያሉ ግዥዎች ካያችሁ፣ ከጨረታ ለማምለጥ አንድ ግዥ ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል። ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ላይ ገቢ ሆነ የተባለውን ዕቃ መጋዘን ገብታችሁ ቁጠሩ። ወጪ የሆነውንም በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ተከተሉ። ዕቃው ሐምሌ ላይም ካልገባ የተከፈለው ለወረቀት ነው።

ያልወጣ ገንዘብ ሁሉ ግን ቁጠባ አይደለም። የጥገና በጀት ሳይነካ ቀርቶ የቀበሌው የውኃ ፓምፕ በመለዋወጫ እጦት ቆሞ ከሆነ፣ ሴቶች ወንዝ መውረድ ጀምረዋል፤ ወረዳውም ነገ ሙሉ ፓምፕ ሊገዛ ነው። ይህን ማለፍ የመስተንግዶ ደረሰኝን ከማለፍ አያንስም።

ያገኛችሁትን በመደብ ቁጥር፣ በቀንና በብር መጠን ጽፋችሁ ለአፈ ጉባኤው አስገቡ። መልሱም መልስ የሚሰጠው ኃላፊና ቀነ ገደቡ ተጠቅሶ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ያልሰፈረ ጥያቄ በሚቀጥለው ጉባኤ ማስታወሻ የለውም።