የተጎዳ የኤክስቴንሽን ገመድ በቤት ውስጥ በጥንቃቄ እንዴት ይጠገናል

የኤክስቴንሽን ገመድ ሲላጥ አብዛኞቻችን ቶሎ የምንፈልገው ናስትሮ ነው። ናስትሮ ግን ጉዳቱን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያድነውም፤ ሙጫው በሙቀት ይለሰልሳል፣ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ይላላል፣ ውስጡ የተበጣጠሰው ሽቦም መሞቁን ይቀጥላል። በቤታችን ምንጣፍ ሥር የነበረን እንዲህ ያለ ጥቅል ከወራት በኋላ ስፈታው መዳቡ ጠቁሮ፣ የሽቦው ላስቲክም በጣቴ ስነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ሲፈረፈር አይቻለሁ። ስለዚህ ትክክለኛው ጥገና የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ ማስወገድ ነው።

ከሁሉ በፊት ስፒናውን ከግድግዳው ሶኬት ይንቀሉ። የኤክስቴንሽኑን ማጥፊያ መጫን ብቻውን አይበቃም፤ በአገራችን የተለመደው ባለሁለት ክብ እግር ስፒና ተገልብጦም ስለሚሰካ፣ ማጥፊያው ኒውትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) ብቻ ቆርጦ ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ከነ 220 ቮልቱ ሊተወው ይችላል። ሶኬቱ ራሱ ከጠቆረ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለው ደግሞ ስፒናውን ከመንካትዎ በፊት ብሬከሩን ያውርዱ።

ቀጥሎ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶችዎ መካከል እያሳለፉ የተላጠ፣ የደረቀ ወይም የተጨፈለቀ ቦታ መኖሩን ይፈትሹ። ጉዳቱ ብዙ ቦታ ላይ ከሆነ፣ የኤክስቴንሽኑ የሶኬት ሳጥን ከቀለጠ ወይም ውሃ ከገባበት አዲስ መግዛት ይሻላል። ሳጥኑ በብሎን የማይከፈት ሆኖ ጉዳቱ እሱ ሥር ሲሆንም እንዲሁ ነው።

ጉዳቱ ወደ ስፒናው የቀረበ ከሆነ፣ ከተጎዳው ቦታ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አልፈው የሚያብረቀርቅ ጤነኛ መዳብ እስኪያገኙ ድረስ ይቁረጡ። መሃል ላይ ከሆነም ረጅሙን ክፍል ይዘው አጭሩን ያስወግዱ፤ ገመዱ ቢያጥርም መሃሉ ላይ አይቀጠል። ቆርጠው የሚጥሉትን አሮጌ ስፒና እግሮች በፒንሳ ማጣመም አይርሱ፤ ልጅ አንስቶ ቢሰካው ከጀርባው የቀሩት ጭራ ሽቦዎች ኤሌክትሪክ ይይዛሉና።

አዲሱን ስፒና በካቻቢቴ ይክፈቱ፤ ክዳኑ በገመዱ ላይ የሚጠልቅ ዓይነት ከሆነ ሽቦውን ከማሰርዎ በፊት ያጥልቁት። የውጭውን ላስቲክ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲልጡ ቢላዋው የውስጦቹን ሽቦዎች እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ አንዱ እንኳ ከተነካ ቆርጠው እንደገና ይጀምሩ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሽቦ ጫፍ ብሎኑ የሚይዘውን ያህል ብቻ ልጠው፣ ቀጫጭኖቹን የመዳብ ክሮች አንድም ሳይቀር አጥብቀው ይግመዱ። ጫፉን በቀለጠ ቆርቆሮ መበየድ የተለመደ ቢሆንም አልመክረውም፤ ብየዳው በብሎኑ ጫና ቀስ በቀስ ስለሚጨፈለቅ እስሩ ይላላል።

ቡናማው ሽቦ ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል ሲሆን ሁለቱ ከሁለቱ እግሮች ጋር ይታሰራሉ፤ ቢጫና አረንጓዴው ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የመከላከያ ሽቦ) ነው፣ ከጎን ብረቶቹ ጋር በሚገናኘው ብሎን ላይ ይታሰራል። የኧርዙን ሽቦ ከሌሎቹ ትንሽ ያስረዝሙት፤ ገመዱ ድንገት ቢጎተት መጨረሻ የሚነቀለው እሱ መሆን አለበት። ገመዱ ሁለት ሽቦ ብቻ ካለው ግን ባለ ኧርዝ ስፒና አይግጠሙለት፤ የሌለ መከላከያ ያለ ያስመስላል። በስፒናው ውስጥ ያለው የገመድ መያዣ የሚነክሰውም የውስጦቹን ሽቦዎች ሳይሆን የውጭውን ላስቲክ ይሁን፤ ብዙ የቤት ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ክዳኑን ከዘጉ በኋላ፣ ገመዱ ሳይሰካ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ሽቦ ሲገናኝ በሚደውልበት ቦታ ላይ አድርገው ይፈትሹ። እያንዳንዱ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ መደወል አለበት፤ አንዱ ከሌላው ጋር ከደወለ ግን ሾርት (የሽቦዎች መነካካት) ስላለ ይክፈቱት። ከዚያ አምፖል ብቻ ሰክተው ሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩ። በኋላ የዘወትር ዕቃዎን ጭነው ለጥቂት ጊዜ ከተጠቀሙ በኋላ ነቅለው ስፒናውን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ከሞቀ የላላ ብሎን አለ ወይም ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው።

0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ገመድ 6 አምፔር፣ ማለትም 1300 ዋት ገደማ ይሸከማል፤ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለማያገኝ አቅሙ ከዚህም ያንሳል። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3000 ዋት በላይ ስለሚፈልግ፣ የቱንም ያህል በጥሩ ሁኔታ ቢጠገን በዚህ ገመድ ላይ አይሰካ፤ ለእሱ የራሱን መስመር በባለሙያ ያስዘርጉ።